ሰኞ ድንገተኛ ክፍል ለምትገቢው የነርሲንግ ተማሪ

«3ኛ አመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ሰኞ ድንገተኛ ክፍል አታችመንት (የተግባር ልምምድ) እጀምራለሁ፣ ከዛ ህፃናት ዋርድ እንገባለን። ክላስ ላይ ውጤቴ ጥሩ ነው ግን ሰው ላይ ስህተት እሰራለሁ ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ስለ ታካሚ ደህንነትና ስለ ድንገተኛ ዝግጅት ቢያንስ ምን ምን ማወቅ አለብኝ? ስህተት ብሰራስ ምን ላድርግ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦

እህቴ፣ ነርስ ከሆንኩ 15 አመት አልፎኛል፣ አብዛኛውን ድንገተኛ ክፍል ነው ያሳለፍኩት፣ አሁን ደግሞ እንዳንቺ ያሉ ተማሪዎችን ዋርድ ላይ ይዤ ነው ምውለው። የመጀመሪያ ቀን ከሚገቡት ውስጥ እኔን ሚያስጨንቀኝ የፈራችው ልጅ አይደለችም፣ ምንም ያልፈራችው ናት። የአለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በህክምና ላይ ካሉ 10 ሰዎች አንዱ ገደማ በራሱ በህክምናው ጉዳት ይደርስበታል፣ ከዛ ውስጥ ከግማሽ በላይ ደግሞ ሊቀር ይችል የነበረ ነው። ስለዚህ የፈራሽው ነገር አለ፣ በየዋርዱ አለ፣ ፍርሃትሽ ትክክል ነው። እንቅልፍ እንዳያሳጣሽ ግን ፍርሃቱን ወደ ልማድ መቀየር ነው፣ እሱን ነው ዛሬ ልነግርሽ ምፈልገው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ።

መጀመሪያ ስለ ድንገተኛ ዝግጅት። ተማሪዎች ድንገተኛ ሲባል ሲፒአር (የቆመ ልብን ደረት እየተጫኑ ማስነሳት)፣ ሩጫ፣ ደም ምናምን ነው ሚመጣባቸው። እኔ ግን ካየሁት ግማሹ ስራ የሚያልቀው በሽተኛው ሳይመጣ፣ ፈረቃ በተረከብሽበት የመጀመሪያ 10 ደቂቃ ውስጥ ነው። ለምን እንደዚህ እንደምል ልንገርሽ። ስራ በጀመርኩበት አመት ማታ ዲዩቲ ላይ እያለሁ አንድ አባት አስም ተነስቶባቸው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ እያለ በልጃቸው ተደግፈው መጡ። የኦክስጅን ሲሊንደር አለ፣ ሙሉ ነው፣ ማስክም አለ፣ የሲሊንደሩ መክፈቻ ቁልፍ ግን የለም። ያቺ የብረት ቁልፍ! ቀን ላይ የሆነ ሰው ሌላ ዋርድ ሲሊንደር ሊቀይርባት ይዟት ሄዶ እዛው ረስቷታል። እኔ ኮሪደር ለኮሪደር እሮጣለሁ፣ ጓደኛዬ ሳልቡታሞል ትሰጣለች፣ ልጃቸው «ጋኑ እኮ እዚህ ቆሟል፣ ለምን አትከፍቱለትም?» እያለ ያየኛል። ቁልፏ የሌላ ዋርድ መስኮት ላይ ተገኘች። አባትየው ተረፉ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ግን ከዛ ሌሊት በኋላ ቁልፏን በፋሻ ሲሊንደሩ አንገት ላይ ሳላስር ስራ ጀምሬ አላውቅም።

ስለዚህ ሰኞ ስትገቢ ማንም ሳይልክሽ ሄደሽ እይ። ሲሊንደሩን ከፍተሽ ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) አንብቢ። እዚህ ጋ ትንሽ ሂሳብ አለ፣ ክላስ ላይ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። 40 ሊትር ሚባለው ትልቁ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 40 ሲባዛ በ150፣ ወደ 6000 ሊትር ኦክስጅን ይይዛል። ጌጁ 50 ላይ ከሆነ የቀረሽ 2000 ሊትር ነው፣ በደቂቃ 10 ሊትር የሚወስድ በሽተኛ ካለሽ 200 ደቂቃ፣ በቃ ከ3 ሰዓት ትንሽ በላይ ነው ያለሽ። ይሄን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ካሰላሽው ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት ሌላ ሲሊንደር ታስመጪያለሽ፣ ካላሰላሽው ደግሞ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ፊሽ ብሎ ሲያልቅ ነው ምታውቂው። ሌላው፣ ሬጉሌተሩን (ሲሊንደሩ ላይ የሚገጠመውን የግፊት መቆጣጠሪያ) ቅባት ባለው እጅ አትንኪ። ቫዝሊን፣ ሎሽን፣ ዘይት ነክ ነገር ከታመቀ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ እሳት ያስነሳል፣ ሳኒታይዘርም እጅሽ ላይ ሳይደርቅ አትክፈቺ።

አምቡ ባጉን (በእጅ እየተጨመቀ ለበሽተኛው አየር የሚሰጠውን ከረጢት) አንሺ። አፉን በመዳፍሽ ዝጊና ጭመቂው፣ እምቢ ካለሽ ደህና ነው፣ በቀላሉ አየሩ ከወጣ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለው ወይም ቫልቩ በትክክል አልተገጠመም (ታጥቦ ሲገጣጠም ቫልቩ ተገልብጦ የገባበት አይቼ አውቃለሁ)። የአዋቂ፣ የህፃንና የጨቅላ ማስክ ለየብቻ መኖሩን እይ። ሳክሽኑን (አክታና ደም ከአፍ የሚስበውን ማሽን) ሶኬት ላይ ሰክተሽ አስነሺው፣ መኖሩን ብቻ አይተሽ አትለፊ፣ መብራት ቢሄድ ጀኔሬተሩ እስኪነሳ በእግር የሚረገጠው ሳክሽን የት እንዳለ ጠይቂ። የላሪንጎስኮፑን (ጉሮሮ ውስጥ የሚታይበትን መሳሪያ) አምፖል አብሪው። ግሉኮሜትር (የስኳር መለኪያ) ካለ ስትሪፑም መኖሩን እይ፣ ማሽኑ አለ ስትሪፕ የለም ሚባለው ነገር ስንቴ እንደገጠመኝ። አድሬናሊን ስንት አምፑል እንደቀረ ቁጠሪ።

አድሬናሊን ካነሳን የኤክስፓየሪ ዴት ነገር ላስጠንቅቅሽ። መድሃኒት ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እኛ ደግሞ ጭንቅላታችን በኢትዮጵያ ነው ሚያስበው፣ በተለይ ወሩ ላይ። 09 የሚል ስታይ ግንቦት አይደለም፣ ሴፕቴምበር ነው። ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደክሞሽ ስታነቢው ቀላል አይደለም።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ይብሳል። ቻርት ላይ «6 ሰዓት ተሰጥቷል» ብለሽ ብትጽፊ፣ የኛ 6 ነው የፈረንጅ 6? ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። በየ6 ሰዓቱ የሚሰጥ መድሃኒት ከሆነ ደግሞ 6 ሰዓት ማለት ልክ አንድ ዶዝ ነው! አንዷ ነርስ በኛ ሰዓት ጽፋ ሌላዋ በፈረንጅ ካነበበችው በሽተኛው ወይ አንድ ዶዝ ይዘለልበታል ወይ በላይ በላዩ ይደገምበታል፣ ቻርቱን ስታዪው ግን ሁሉም ነገር ያማረ ነው ሚመስለው። የምትገቢበት ዋርድ በየትኛው ሰዓት እንደሚጽፍ የመጀመሪያ ቀን ጠይቂ፣ እና ሁሌም ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት የሚለውን ጨምሪበት። አንድ ቃል ናት፣ አትሳሺ።

አሁን ወደ በሽተኛው ልምጣ። መድሃኒት ይዘሽ አልጋው ጋ ስትደርሺ ስሙን ጠርተሽ «እንትና ነህ አይደል?» ብለሽ እንዳትጠይቂ። ለምን? ሰው «አዎ» ይላል። ትኩሳት ያለበት ሰው አዎ ይላል፣ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ነጭ ጋዋን የሚፈራ የገጠር ሰው «እርሶ ካሉ» ብሎ ይቀበላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆኑ ሁለት ወንዶች አጠገብ ለአጠገብ ተኝተው ነበር፣ ኢንሱሊን ይዤ ሄጄ ስሙን ስጠራ «አቤት» አለኝ፣ ክንዱን ሰጠኝ፣ መርፌውን ላስገባ ስል አስታማሚው እናቱ «ልጄ ስኳር የለበትም እኮ ሳንባ ምች ነው ያላችሁን» አለችኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ያቺ እናት ባትናገር ኖሮ ስኳር የሌለበትን ልጅ በስኳር ማነስ ኮማ ውስጥ ልከተው እችል ነበር። ከዛ ወዲህ «ስምህን ከነአያትህ ንገረኝ» ነው ምለው፣ እሱ ይናገር፣ እኔ ከቻርቱ ጋር አያለሁ፣ ከዛ የካርድ ቁጥሩን አመሳክራለሁ። ሁለት መለያ፣ ያለዚያ መርፌ የለም። የአልጋ ቁጥር መለያ አይደለም፣ በሽተኛ አልጋ ይቀያየራል፣ መስኮት ጋ ይበርዳል ብሎ ራሱ ይቀየራል። ራሱን ያላወቀ በሽተኛ ከሆነ አስታማሚውን ጠይቂ፣ እሱም ከሌለ ከሌላ ስታፍ ጋር ሁለት ሆናችሁ አረጋግጡ።

አስታማሚን በተመለከተ፣ እባክሽ እንደ መንገድ ዘጊ አትያቸው። ሌሊቱን ሙሉ ያላንቀላፋ የእህት አይን አንዳንዴ ሞኒተር ነው፣ አብዛኛው ዋርዳችን ላይ ደግሞ ሞኒተሩ እሱ ብቻ ነው። ግን አስረጂያቸው። ነገ ኦፕሬሽን ላለው ሰው «ምንም እንዳትሰጡት» ብለሽ ብቻ ብትሄጂ፣ አጥሚት ምግብ ነው ብለው የማያስቡ አሉ፣ ፀበል ደግሞ በፍፁም «ምንም» ውስጥ አይገባም ለነሱ። እኔ እንዲህ ነው ምላቸው፦ «እናቴ፣ ሆዱ ውስጥ የገባ ነገር ማደንዘዣ ሲሰጠው ወደ ሳንባው ተመልሶ ሊያፍነው ይችላል፣ ውሃም ቢሆን፣ ፀበሉን ግን ግንባሩን ቀቡት፣ የሚጠጣውን ሲነቃ እኔ እነግሮታለሁ።» ይሄን ብያቸው እምቢ ያሉኝ የሉም። የግሉኮሱን መቆጣጠሪያም እንዳይነኩ ንገሪያቸው፣ ቶሎ እንዲያልቅለት ብለው ከፍተው የሚለቁ አሉ፣ ከፍቅር ነው ግን ልቡ ለደከመ ሰው አደጋ ነው። ጠብታውን አንቺ ራስሽ በሰዓት ቁጠሪው፣ 1000 ሚሊ በ8 ሰዓት ከተባለ 1 ሚሊው 20 ጠብታ በሚሆንበት የግሉኮስ ቱቦ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው።

ስለ መድሃኒት አምስቱን ራይትስ (ትክክለኛ በሽተኛ፣ መድሃኒት፣ መጠን፣ መንገድ፣ ሰዓት) ታውቂያቸዋለሽ፣ አልደግማቸውም። ክላስ የማይነገርሽን ልንገርሽ። ህፃናት ዋርድ እገባለሁ ብለሻል አይደል፣ ጄንታማይሲን የሚባለው አምፑል በሁለት አይነት ነው ሚመጣው፣ አንዱ 80 ሚሊግራም በ2 ሚሊ፣ አንዱ 20 ሚሊግራም በ2 ሚሊ። ሁለቱም 2 ሚሊ፣ ሁለቱም ትንንሽ። 3 ኪሎ ለሆነ ጨቅላ በኪሎ 5 ሚሊግራም ከታዘዘ 15 ሚሊግራም ነው፣ ከ20ው አምፑል 1.5 ሚሊ ትስቢያለሽ፣ ትክክል። ነገ ግን ስቶር ላይ 20ው አልቆ 80ው መጥቶ፣ አንቺ እንደትናንቱ 1.5 ሚሊ ብትስቢ 60 ሚሊግራም ነው የሰጠሽው፣ 4 እጥፍ፣ ለኩላሊቱም ለጆሮውም። ህፃኑ አያለቅስ፣ ምንም አይልም፣ መስማቱን ያጣው አመት ቆይቶ ነው ሚታወቀው። ስለዚህ በሚሊ አታስቢ፣ በሚሊግራም አስቢ፣ አምፑሉ ላይ ያለውን በእያንዳንዱ ቀን እንደ አዲስ አንብቢ፣ የህፃን ዶዝ ሁሌ ሌላ ሰው ለብቻው ያስላው፣ «1.5 ነው አይደል?» ብለሽ አትጠይቂው፣ «አንተ አስላውና ስንት መጣልህ?» በይው። ለአንድ ህፃን ለአንድ ዶዝ ሁለተኛ አምፑል መክፈት ካስፈለገሽ ደግሞ ቁሚ፣ ስታሰዪ የዴሲማል ነጥቡ ቦታውን ስቶ ሊሆን ይችላል።

ፖታሲየም ክሎራይድ። ይሄን በደማቅ ነው ምጽፈው ብችል። አምፑሉን በሲሪንጅ ስበሽ በቀጥታ በካኑላ (ደም ስር ውስጥ በገባው ቱቦ) መግፋት ልብ ያቆማል፣ ዘሎ አይነሳም። ሁሌ ከፍሉይድ ጋር ተቀላቅሎ፣ ቦርሳው በደንብ ተገለባብጦ፣ ላዩ ላይ ተጽፎበት፣ ቀስ ብሎ ነው ሚሰጠው። አንዳንዱ አምፑሉ ከመበጥበጫው ስትራይል ውሃ ጋር በጣም ይመሳሰላል፣ አንድ ትሬ ላይ አብረው ካየሻቸው ተማሪ ነኝ ብለሽ አትለፊ፣ ለሲስተሯ ንገሪያትና ለይታችሁ አስቀምጡ። ማግኒዝየም ሰልፌትም እንደዛው፣ ኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና ደም ግፊት የሚመጣ መንቀጥቀጥ) ያለባት እናት ላይ ቀጣዩን ዶዝ ከመስጠትሽ በፊት ጉልበቷን መቺ፣ ሪፍሌክሱ አለ? ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 አያንስም? ሽንቷ በሰዓት 30 ሚሊ ይሞላል? አንዱ ከጎደለ አትስጪ፣ ጥሪ። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ደግሞ አጠገብሽ ይኑር፣ ፋርማሲ ውስጥ አለ ማለት አጠገብሽ አለ ማለት አይደለም።

መርፌ ሰጥተሽ ወዲያው ፊትሽን አዙረሽ አትሂጂ። ሴፍትሪያክሶን ወይ ፔኒሲሊን የወሰደ ሰው «ጉሮሮዬን ያዘኝ» ካለ፣ ቆዳው ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ከተንቆራጠጠ፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ ከባድ አለርጂ ነው ብለሽ መድሃኒቱን አቁሚ፣ ሰው ጥሪ፣ አድሬናሊን። ብዙ ቦታ መጀመሪያ ሃይድሮኮርቲዞን ፍለጋ ሚሯሯጡ አሉ፣ እሱ ለመስራት ሰዓታት ይፈጃል፣ ሰውየው ደቂቃዎች ነው ያሉት። ለአዋቂ ከ1 ሚሊግራም በሚሊው አምፑል ግማሽ ሚሊ፣ ጭኑ ላይ በውጪ በኩል፣ ጡንቻ ውስጥ። ለህፃን በኪሎ 0.01 ሚሊግራም። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። አስተኚው፣ እግሩን ከፍ አድርጊ፣ መተንፈስ ከከበደው ደግሞ ቁጭ ይበል፣ ብቻ እንዳታስነሺው፣ እንዳታስኬጂው። አንቺ ተማሪ ስለሆንሽ ራስሽ ላትሰጪው ትችያለሽ፣ ግን አምፑሉን ከነሲሪንጁ ይዘሽ ከሲስተሯ ጎን መቆም ትችያለሽ፣ ያ አንድ ደቂቃ ማትረፍ ነው።

የሚጥል በሽታ የተነሳበት ሰው ሲመጣ ማንኪያ አፉ ውስጥ ሊከት የሚታገል ዘመድ አይጠፋም፣ ክብሪት ጭሮ ሚያሸትም አለ፣ ይሄን አገር ምድሩ ያውቀዋል። ማንኪያው ጥርሱን ይሰብራል፣ ክብሪቱ ደግሞ ኦክስጅን የተከፈተበት ክፍል ውስጥ መሆኑን አስቢው! ረጋ ብለሽ «አባቴ እሳቱን ያጥፉልኝ፣ እዚህ እሳት የሚያባብስ አየር አለ» በይና በጎኑ አዙሪው፣ ጭንቅላቱ ስር የሆነ ለስላሳ ነገር አድርጊ፣ ሰዓትሽን እይ፣ ስኳሩን ለኪ። ስኳር መለካት በጭራሽ አትርሺ፣ ራሱን የሳተ፣ የሚወራጭ፣ ሰክሯል የተባለ፣ ሁሉም ስኳሩ ይለካ። ዝቅ ያለ ከሆነና መዋጥ ካልቻለ አፉ ላይ ማር ወይ ጁስ አይደረግም፣ ወደ ሳንባው ይሄዳል፣ 40 ፐርሰንቱ ግሉኮስ በደም ስር ነው። እርጉዝ ከሆነች ወይም በቅርብ ከወለደች ደግሞ ሌላ እስኪረጋገጥ ኤክላምፕሲያ ብለሽ አስቢ።

ቫይታል ሳይን ላይ አንድ ነገር ልለምንሽ። ትንፋሽ ቁጠሪ፣ በእውነት ቁጠሪ፣ 60 ሰከንድ ሙሉ። ቻርቶችን ገልበጥ አድርጊና እይ፣ የሁሉም ሰው ትንፋሽ 20፣ 20፣ 22 ነው፣ ሊሞት የተቃረበውም 20። ሰው እየደከመ ሲሄድ ቀድሞ ከሚለወጡት ዋነኛው ትንፋሹ ነው፣ ቢፒው (የደም ግፊቱ) ገና ደህና እያለ ትንፋሹ 30 ይገባል፣ ያኔ ከያዝሽው ጊዜ አለሽ። እጅሽን ደረቱ ላይ አድርገሽ የልብ ምት የምትቆጥሪ አስመስለሽ ቁጠሪ፣ እየተቆጠረበት መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል።

እና የሆነ ነገር ካላማረሽ ጥሪ። ዶክተሩ ይቆጣል? ይቆጣ። ሌሊት ተቀስቅሶ የተቆጣ ሰው ጠዋት ይረሳዋል። ግን ስትጠሪ «ዶክተር አንዷ በሽተኛ ደክማለች» ካልሽ ምንም አልነገርሽውም። እንዲህ በይ፦ «ከሴቶች ሜዲካል ዋርድ ነው የምደውለው፣ አልጋ 7 ላይ በኒሞኒያ የገቡት እናት ከ1 ሰዓት በፊት ቢፒያቸው 110 በ70 ነበር አሁን 80 በ50 ነው፣ ፐልስ 130፣ ትንፋሽ 34፣ ሳቹሬሽን 84፣ መቃዠት ጀምረዋል፣ ሾክ እየገቡ ይመስለኛል፣ ኦክስጅን አስጀምረናል፣ አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ።» ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ደውዪ፣ ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥም ቁጥሩ አይንቀጠቀጥም። በስልክ ትእዛዝ ከሰጠሽ ደግሞ የመድሃኒቱን ስምና ዶዝ መልሰሽ አንብቢለት፣ «አዎ» ይበልሽ፣ ከዛ ጻፊው። ተማሪ ስለሆንሽ ስታፏ አጠገብሽ ሆና ትስማው።

የመኪና አደጋ ደርሶ 15 ሰው አንዴ ሲገባ ምን ላድርግ ትይ ይሆናል። በር ላይ ትሪያጅ የሚያደርግ (በሽተኛን እንደ አጣዳፊነቱ የሚለይ) አንድ ልምድ ያለው ሰው ይቆማል፣ አንቺ የተሰጠሽን ቦታ አትልቀቂ። ጩኸቱ ወደሚሰማበት መሮጥ የሁላችንም ተፈጥሮ ነው፣ ግን የሚጮኸው ሰው እየተነፈሰ ነው። ጥግ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠውን እይ። መራመድ የሚችሉትን «መሄድ የምትችሉ በዚህ በኩል» ብለሽ ለያቸው፣ እነሱ አረንጓዴ ናቸው፣ መጠበቅ ይችላሉ። ከቀሩት ውስጥ ትንፋሹ ከ30 በላይ የሆነ፣ እጁ አንጓ ላይ ፐልስ የማይገኝ፣ «እጄን ጨብጠኝ» ስትይው የማይጨብጥ፣ ቀይ ነው፣ ቅድሚያ የሚታይ። የሚፈስ ደም ካየሽ በእጅሽ ጫኚው፣ ጓንት አርገሽ፣ ጎዝ ላይ ጎዝ መከመር ደም አያቆምም፣ መጫን ነው ሚያቆመው። ልቡ የቆመ ካለ ደረቱ መሃል በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ 30 ጫና 2 ትንፋሽ፣ በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ። ግን ሰው በበዛበትና እጅ ባነሰበት ሰዓት ልቡ የቆመው ላይ 4 ሰው ተረባርቦ ቀዩ ደም እየፈሰሰው ብቻውን እንዳይቀር፣ ይሄ ከባድ ውሳኔ ነው፣ የአንቺ አይደለም፣ የትሪያጅ ሀላፊው ነው።

ከግቢ ውጪ ከሆንሽ ደግሞ ከምንም በፊት ቦታው አደጋ የለውም ወይ ብለሽ እይ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ የደረሰውን የመሬት ናዳ ታስታውሺያለሽ፣ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ነው ያለቁት፣ አብዛኞቹ ደግሞ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት እየቆፈሩ እያለ ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ናቸው። ጎረቤት ለጎረቤት ሮጦ፣ በእጁ እየቆፈረ። ያንን ሩጫ ማንም አይከለክልም፣ እኔም ብሆን እሮጣለሁ። የጤና ባለሙያ ሲሆኑ ግን ከመሮጥ በፊት ቀና ብሎ ተራራውን ማየት፣ የተንጠለጠለውን ሽቦ፣ የሚፈሰውን ቤንዚን፣ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ማየት ግዴታ ነው። ስልክሽ ላይ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ አዲስ አበባ ከሆንሽ 939 የእሳትና ድንገተኛ አደጋ፣ አሁኑኑ መዝግቢ።

ራስሽን። መርፌ ከተጠቀምሽበት በኋላ ክዳኑን መልሰሽ አትክደኚ፣ ቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ፣ ሴፍቲ ቦክሱም ሶስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል፣ የሞላ ሳጥን ውስጥ መርፌ በእጅ የሚገፋ ሰው ካየሽ አስቁሚው። ቢወጋሽ በውሃና ሳሙና ታጠቢ፣ አትጭመቂው፣ ከዛ በዛው ሰዓት ለሀላፊሽ ተናገሪ። ከኤችአይቪ የሚከላከለው መድሃኒት ቶሎ ሲጀመር ነው ጥሩ ሚሰራው፣ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም፣ የሚወሰደው 28 ቀን ነው። አፍረው ሳይናገሩ ሶስት ቀን ያለፋቸው ተማሪዎች አውቃለሁ፣ ይሄ ልቤን ሚያደማኝ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር እዛው ሆስፒታሉ ውስጥ ነበር። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልጀመርሽ ደግሞ ከሰኞ በፊት ጠይቂ።

እና ስህተት ብሰራስ ላልሽው። ትሰሪያለሽ እህቴ፣ ሁላችንም ሰርተናል። የመጀመሪያው 1 ደቂቃ የበሽተኛው ነው፦ የሚሰጠውን አቁሚ፣ ከአጠገቡ አትራቂ፣ ቫይታሉን ለኪ፣ ሰው ጥሪ። ሁለተኛው ነገር፣ ተናገሪ። ለስታፏ፣ ለኢንስትራክተርሽ፣ የሰጠሽውን ነገር በትክክል፣ ስንት ሚሊግራም፣ በስንት ሰዓት። አምፑሉን አትጣዪው፣ ያስፈልጋል። የተሳሳተ ኢንሱሊን 5 ደቂቃ ውስጥ ከተነገረ ግሉኮስ ነው፣ ስኳሩን እየለኩ መጠበቅ ነው፣ ሰውየው ነገ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያው ስህተት ተደብቆ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆኖ ቢገኝ ሌላ ነገር ነው። ቻርት ላይም የሆነውን ጻፊ፣ አትሰርዢ፣ አትደልዢ፣ ከተሳሳትሽ አንድ መስመር አስምረሽበት ፈርሚ። ሊቆጡሽ ይችላሉ፣ ሰው ፊት ሊጮሁብሽም ይችላሉ፣ ይሄ ልክ አይደለም፣ አስተማሪዎች መለወጥ ያለብን ነገር ነው፣ ስህተቷን በተናገረች ተማሪ ላይ የጮኸ አስተማሪ ቀጣዩዋን ዝም አስባላት ማለት ነው። አንቺ ግን እሱን ፈርተሽ ዝም እንዳትይ። እኔ ጋ መጥታ «ሲስተር ተሳስቻለሁ» ያለችኝን ልጅ ነው ቤተሰቤ ቢታመም እንድታክምልኝ ምፈልገው።

ሌላ ምን ቀረ፣ እጅ መታጠብ ታውቂዋለሽ፣ በሽተኛውን ከመንካትሽ በፊትም በኋላም፣ ከአልጋ ወደ አልጋ በአንድ ጓንት እንዳትሄጂ ብቻ። ደም ሲሰጥ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃ ከአልጋው ጎን አትነሺ፣ ክፉው ሪአክሽን ብዙ ጊዜ ያኔ ነው ሚጀምረው። ራሱን የማያውቅና የሚወራጭ በሽተኛ የአልጋው መከላከያ ከፍ ይበል። የማይንቀሳቀስ ሰው በየ2 ሰዓቱ ይገላበጥ።

ለሰኞ ኪስሽ ውስጥ ትንሽ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ ፍሉይድ ላይ የምትጽፊበት ማርከርና ፕላስተር፣ ትንሽ ባትሪ ያዢ። ቁርስ በልተሽ ሂጂ። ስትገቢ ሲስተሯን ሰላም በያት፣ ስምሽን ንገሪያት፣ ከዛ አምቡ ባጉና የሲሊንደሩ ቁልፍ የት እንዳሉ ጠይቂያት። ማታ ደግሞ እንዴት እንደዋልሽ ጻፊልኝ።